በጎግ መንገድ ከሆትስፖቴ ጋር የተገናኘው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከመሀል ብድግ ብዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ «ይቺ ድሮም ዛር ስትል፣ መንፈስ ስትል የኖረች ናት» እንዳትሉኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ ጋምቤላ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ላፕቶፕ አልነሳ ሲል፣ ኢንተርኔት እምቢ ሲል የምጠራው እኔ ትርሲት ነኝ። የቢሯችን ጸሐፊ አንድ ቀን ፕሪንተሯ ማንም ሳያዛት ወረቀት መትፋት ስትጀምር ጠበል አምጥታ ረጨችባት፣ ፕሪንተሯ እዚያው ጨሳ ሞተች፣ እኔ ደርሼ ሳይ ለካ ከጎን ክፍል ያለ ሰውዬ ፕሪንተር ተሳስቶ የሠርግ መጥሪያውን እያተመ ኖሯል። ለእኔ ነገሩ ሁሉ እንደዚህ ነበር፣ ሰይጣን ያሉት ሲፈተሽ የተሳሳተ ፕሪንተር ሆኖ ይገኛል። አሁን የምነግራችሁንም እንደዚያው ፈትሼዋለሁ፣ እመኑኝ፣ ማንም እንደ እኔ አልፈተሸውም፣ ግን እስከዛሬ ሌላ ክፍል ያለ ሰውዬ አላገኘሁም።

ክረምት ነው። ጎግ ወረዳ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ላፕቶፕ ተሰጥቶት ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝለት ሰው ጠፍቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ እና ሂጂ ተባልኩ። ሹፌሩ ኦጁሉ ነው፣ የአኝዋክ ሰው፣ ከእኔ ጋር ብዙ መንገድ የተመላለሰ፣ ኳስና ቀልድ የሚወድ፣ ሲነዳ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፣ እኔን «ኢንጅነር» ነው የሚለኝ፣ አይደለሁም ብለው አይሰማኝም። ደብል ፒክአፓችንን ይዘን ጠዋት ወጣን፣ ደረስን፣ ሥራው ቀላል ነበር፣ ሲም ካርድ የምትጎርስ ፍላሽ የምትመስል ዶንግል አለች አይደል፣ እሷን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ ጠረጴዛውን ወደ በረንዳው አስወጣሁት፣ ከትንሽ ልመና በኋላ ተገናኘ። እግረ መንገዴንም ዶንግሏ ብትበላሽ ከስልክ ሆትስፖት ከፍተው እንዴት እንደሚጠቀሙ ለነርሷ ላሳያት ብዬ የራሴን ስልክ ሆትስፖት ከፈትኩና የራሴን ላፕቶፕ አገናኘሁበት። የሆትስፖቴ ስም «አትንኩኝ» ነው፣ ቢሮ ውስጥ ዳታዬን እየለመኑ የጨረሱብኝን ሰዎች ለማናደድ ያወጣሁት ስም ነው፣ ነርሷም አይታ ሳቀች።

ነርሷ ሲስተር አባንግ ትባላለች፣ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፣ ምክንያቱም ከውስጥ ክፍል ምጥ የጠናባት ልጅ ነበረች፣ አቻን የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ገና ልጅ ናት። አባንግ እጇን እየጠረገች ወጣችና፣

«ትርሲት፣ እዚህ አትወልድም፣ ጋምቤላ መድረስ አለባት። የእኛ አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል። መኪናችሁ ባዶ ነው አይደል?» አለችኝ።

ኦጁሉ መልስ ሳይጠብቅ የኋላውን ወንበር ማጽዳት ጀመረ። አቻንን ከኋላ አስተኛናት፣ አባንግ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ እኔ ጋቢና ከኦጁሉ ጎን ገባሁ፣ ወጣን። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለች፣ ማንም ሰው የሚፈራው ዓይነት ሰዓት አይደለም።

የከተማው ኔትወርክ እስኪያልቅብኝ ድረስ ሪፖርቴን ልላክ ብዬ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፍቼ፣ ሆትስፖቱንም እንዳበራሁት ነበር። ቤቶቹ አልቀው ረጅሙ ሳር ከግራም ከቀኝም ሲመጣ ስልኬን አየት ሳደርግ ከሆትስፖቱ ጋር የተገናኙት ሁለት ናቸው ይላል። አንዱ የእኔ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው ስም የለውም፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። «ኦጁሉ፣ አንተ ነህ እንዴ ዳታዬን የምትጠጣው?» አልኩት።

«እኔ? የእኔ ስልክ ሬዲዮ ነው ያለው፣ ኢንተርኔት አያውቅም» ብሎ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ዞሬ አባንግን ጠየቅኳት፣ የእሷም እንደዚያው ባለ ቁልፍ ናት። አቻን ስልክ የላትም፣ ባሏ ይዞት አሳ ሊያጠምድ ወንዝ ወርዷል፣ መውለጃዋ መድረሱንም ገና አልሰማም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የስልክ ሆትስፖት ሩቅ አይሄድም፣ ከአንድ ግቢ ብዙም አያልፍም፣ እኛ ደግሞ እየነዳን ነው፣ ከኋላችን መኪና የለም፣ ሞተር የለም፣ ሰው የለም። ያ የተገናኘው ነገር አብሮን እየሄደ ካልሆነ በቀር ቶሎ መቋረጥ ነበረበት። አልተቋረጠም። ስንት ዳታ እንደበላ አየሁ፣ ምንም አልበላም፣ ምንም አያወርድም፣ ምንም አይልክም፣ ዝም ብሎ ተገናኝቶ ተቀምጧል። ይሄ ነው ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ፣ ሰው ዋይፋይ የሚሰርቀው ሊጠቀምበት ነዋ፣ ዝም ብሎ ሊቀመጥበት ማን ይገናኛል?

አገድኩት። ጠፋ። ሁለት ጉድጓድ ሳንዘል ተመልሶ መጣ። እሺ አልኩና ፓስወርዱን ቀየርኩት፣ እናቴ ብቻ የምትጠራኝ የቤት ስም አለኝ፣ እዚህ አገር አንድም ሰው የማያውቀው፣ እሱን አስገባሁ፣ በአፌ እንኳ አላወጣሁትም። ፓስወርድ ሲቀየር ሁሉም ይቋረጣል፣ የእኔም ላፕቶፕ ተቋረጠ፣ አዲሱን ላስገባበት ጣቴን ሳነሳ ስልኬ ላይ «አንድ ተገናኝቷል» የሚል መጣ። ላፕቶፔ እንዳይመስላችሁ፣ ላፕቶፔ ገና አልገባም። ያ ባዶ ስም ነው ቀድሞኝ የገባው፣ እናቴ በምትጠራኝ ስም።

ሆትስፖቱን አጠፋሁት። ኦጁሉ እንዳያይብኝ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በዚያው ጊዜ አቻን ከምጧ መሀል በአኝዋክኛ አንድ ነገር ተናገረች፣ ኦጁሉ ወሬውን አቋረጠ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ምንም» አለች አባንግ።

«ኦጁሉ፣ ምን አለች?»

ኦጁሉ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ «‹ይቺ ሴትዮ ከእግሬ ትነሳልኝ› ነው ያለችው» አለኝ። ዞሬ አየሁ፣ የአቻን እግር ያለው በበሩ በኩል ነው፣ እዚያ ጋ ከአንድ ነጠላና ከውሃ ጀሪካን በቀር ምንም የለም።

«ምጥ ሲበዛ ሰው ይቀባጥራል» አለች አባንግ ፈጠን ብላ፣ ነጠላውን አንስታ ወደ ራሷ ሳበችው፣ ጀሪካኑንም ወደ ወለሉ አወረደችው፣ አስተዋላችሁ፣ አላምንም እያለች ቦታውን እያጸዳች ነው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የእኛን አገር ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ እንደ መጋረጃ ነው የሚወርደው፣ መንገዱ ሳሙና ሆነ፣ ኦጁሉ ቢታገልም መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራትታ የኋላ ጎማዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ቅጠል ቆረጥን፣ ድንጋይ ፈለግን፣ እኔና ኦጁሉ ገፋን፣ ጎማው ዝም ብሎ ይዞራል። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ ባትሪውም ሊያልቅ ነው፣ በኋላ ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ጨርሶ አጠፋሁት፣ አሁን ሆትስፖቱን አላልኩም፣ ስልኩን ራሱን ነው ያጠፋሁት፣ ጥቁር ሆነ። ይሄን ያዙልኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል አባንግ ከውስጥ ጠራችኝ፣ ድምፅዋ ተለውጧል፣ «ደም እየመጣት ነው» አለችኝ። ኦጁሉ በእግሬ ሄጄ ሰው ልፈልግ አለ፣ የትኛው ሰው፣ የትኛው መንደር፣ የሚቀጥለው ከተማ አቦቦ ገና ሩቅ ነው። እኔ ጋቢና ገብቼ ምን ላድርግ እያልኩ ሳላስበው ላፕቶፔን ከፈትኩት፣ ምናልባት የመንገድ ካርታ አስቀምጬበት እንደሆን ልይ ብዬ። ተከፈተ፣ ወዲያው ያቺ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋችው የዋይፋይ ምልክት በራች፣ ሙሉ ሆና።

«ተገናኝቷል» ይላል። «አትንኩኝ»።

እኔ የምምለው ብዙ አይደለም፣ ግን እምላለሁ፣ ስልኬ በግራ እጄ ውስጥ ጠፍቶ ጥቁር ሆኖ ነበር፣ ለኦጁሉ ሰጠሁት፣ እሱም ገልብጦ አየው፣ ጠፍቷል። ደግሞ ላፕቶፔ አዲሱን ፓስወርድ አያውቀውም፣ አላስገባሁበትም። ስሜን ወስዶ፣ ፓስወርዴን ወስዶ፣ አሁን መልሶ ለእኔ የሚሰጠኝ ማነው? ቅድም ከእኔ ጋር የተገናኘው እሱ ነበር፣ አሁን እኔ ነኝ ከእሱ ጋር የተገናኘሁት።

ልማድ ክፉ ነው፣ እንዲህ ፈርቼም የሙያዬን ሠራሁ፣ ዋይፋዩ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ላፕቶፑን በእጄ ይዤ ወረድኩ። ወደ መኪናው አፍንጫ ስሄድ ቀነሰ። ወደ ጫካው ራቅ ስል ይበልጥ ቀነሰ። በኋላ በኩል ዞሬ ስመለስ ጨመረ፣ በአቻን እግር በኩል ያለው በር ጋ ስደርስ ሙሉ ሆነ። በሩን ከፍቼ ላፕቶፑን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ የአቻን ተረከዝ ይታየኛል፣ ባዶው ወንበር ይታየኛል፣ ጨርቁ የሆነ ነገር እንደተቀመጠበት ጎድጎድ ብሏል፣ ጀሪካኑ የነበረበት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከውስጥ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፣ ጋምቤላ ውስጥ፣ አራት ሰው የታፈነበት መኪና ውስጥ።

በስመ አብ ብዬ ክዳኑን ልዘጋው ስል አባንግ ስክሪኑን አየችው።

«ኢንተርኔት አለ?» አለችኝ።

«አባንግ፣ ይሄ የእኔ አይደለም፣ ስልኬ ጠፍቷል፣ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፣ እኔ በዚህ—»

«ትርሲት! ከሰይጣንም ቢሆን ላኪ! ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው!»

ላክሁ። ጣቴ ፊደል እየሳተ ቴሌግራም ከፈትኩና ቢሮ አብሮኝ ለሚሠራው ለዳዊት ጻፍኩለት፣ ከጎግ ወጥተን አቦቦ ሳንደርስ ጭቃ ይዞናል፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ደም እየፈሰሳት ነው፣ አምቡላንስ ባስቸኳይ። ወዲያው አነበበው። መልሱ መጣ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ «እንዴ፣ ቅድም ደወልሽልኝ አይደል? አምቡላንሱ ከአቦቦ ከወጣ ቆየ እኮ፣ ሊደርስላችሁ ነው።»

«አልደወልኩም» ብዬ ጻፍኩ።

«በራስሽ ቁጥር ነው የደወልሽው፣ ድምፅሽ ይቆራረጥ ነበር። ‹አምስት ነን፣ ቶሎ ድረሱልን› አልሽ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው መሰለኝ፣ ምክንያቱም ኦጁሉ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ ራሱን፣ እኔን፣ አባንግን፣ አቻንን፣ ከዚያ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። «ልጁን ቆጥራ ይሆናል» አለች አባንግ፣ የአቻንን ሆድ በመዳፏ ሸፍና። ማን ቆጥራ? ማን እንደሆነች አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። እዚያው ሆነን ጠበቅን፣ አባንግ በቋንቋዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጸልያለች፣ የዝናቡ ጠብታ ከዛፉ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ በየመሀሉ ደግሞ ከኋላ በኩል፣ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ሰው እግሩን ሲያነሳና ሲያሳርፍ ወንበር የሚያሰማው ዓይነት ሲጥ የሚል ድምፅ ይመጣል። አቻን ደክማ እንደ በድን ነው የተኛችው፣ አትንቀሳቀስም።

አምቡላንሱ ብርሃን ሳይጠፋ መጣ። አቻንን በሸራ ተሸክመን አሻገርናት፣ አባንግ አብራት ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄዱ። እኔ መሀል መንገድ ላይ ላፕቶፔን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እና አምቡላንሱ እየራቀ ሲሄድ ያቺ ምልክት ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጠፋች ወረደች፣ ኩርባው ጋ ሲሰወር ተቋረጠ። ገባችሁ? አብሯቸው ሄደ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቁሙ ልል፣ ግን ምን ብዬ? ምጥ ላይ ያለችን ሴት በዋይፋይ ምክንያት አስቁሜ ምን ልላቸው? አፌን መልሼ ዘጋሁት፣ እውነቱን ስነግራችሁ ደግሞ እፎይ ነው ያልኩት፣ ከእኔ ራቀ ብዬ። በኋላ አንድ አይሱዙ መጥቶ በገመድ ጎተተን፣ ወጣን፣ እኔና ኦጁሉ ብቻችንን ጋምቤላ ገባን፣ ኦጁሉ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አቻን ወለደች። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ። ይሄን ስሰማ አለቀስኩ፣ ያን ሁሉ ፍርሃት ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ዳዊትን ስልኩን አምጣ አልኩት፣ እውነትም የእኔ ቁጥር የደወለበት አለ፣ የእኔ ስልክ ላይ ግን ደወልኩ የሚል የለም፣ ዳዊት «ነክተሽው ይሆናል፣ አጥፍተሽው ይሆናል» እያለ ሳቀ፣ እኔ ጸሐፊዋ ላይ እንደሳቅሁት።

ከቀናት በኋላ አቻንን ልጠይቃት ሆስፒታል ሄድኩ፣ ስልኬን ቤት ትቼ። አባንግም ልታያት መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሕፃኗን አቀፍኩ፣ ትሞቃለች፣ ወተት ወተት ትሸታለች፣ አቻን እያየችኝ ፈገግ አለችና በአኝዋክኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አባንግ አልተረጎመችልኝም። ሕፃኗን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ምን አለችኝ?»

«አመሰግናለሁ ነው ያለችው።»

«አባንግ፣ አኝዋክኛ ባልችልም ምስጋናና ጥያቄ አይጠፋኝም። ምን አለች?»

አባንግ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያቺ ሴትዮ ደህና ናት ወይ ነው የምትልሽ» አለች። «ቅድም እኔ፣ ከእኛ ጋር አምቡላንሱ ውስጥ ገብታ የለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ እሷ ግን አልገባችም ትላለች። በሩ ሲዘጋ አይቻታለሁ ነው የምትለው፣ መንገዱ ላይ ቀርታ፣ ከትርሲት ኋላ ቆማ ነበር ትላለች።»

ዋይፋዩ የተቋረጠው ርቃ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስላላስፈለጋት ነበር ማለት ነው፣ ወጣሁ። በእግሬ ወደ ባሮ ወረድኩ፣ ኦጁሉ እዚያ መኪና እንደሚያጥብ አውቃለሁ፣ አገኘሁት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ጠርዝ ላይ የኋላውን ወንበር በብሩሽ ይፈገፍጋል። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፣ ከጭቃው ወጥተን ገና እንደተነሳን ኦጁሉ የውስጡን ስፖኪዮ በእጁ ይዞ ወደ ጣሪያው አዙሮት ነበር፣ እንዲሁ እስከ ጋምቤላ ድረስ ኋላውን ሳያይ ነው የነዳው፣ እኔ የድካም ነገር መስሎኝ ልብ አላልኩትም።

«ኦጁሉ፣ ያን ዕለት ስንመለስ ስፖኪዮውን ለምን አዞርከው?»

ብሩሹን አቆመ። ቀልደኛው ኦጁሉ አልቀለደም፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ኋላዬን አየ፣ ቶሎ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ።

«ኢንጅነር፣ ንገረኝ ካልሽ እነግርሻለሁ» አለኝ። «ግን ቤትሽ ማታ ብቻሽን ነው የምትተኚው፣ አይደል?»

አዎ አልኩት። እንዲነግረኝ ግን ደግሜ አልጠየቅኩትም።